ጥበት፣ መኮማተር፣ ጫና፤ ከአንጎል ደም የሚመልሱ ሥሮች ሕመምና የአማርኛ ስያሜዎቹ

ከአንጎል ደም የሚመልሱ ሥሮች ሲጠብቡ ስለሚደርሰው ሕመም በአማርኛ ለመጻፍ የተነሣ ተርጓሚ ገና በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ይቆማል። «ሥር» የሚለው ቃል የዛፍም የሰውም ነው፤ «ግፊት» በብዙ ሰው ዘንድ ከክንድ ላይ የሚለካው የደም ግፊት ነው፤ «ሳይነስ» የአፍንጫ ሕመም ስም ሆኖ ከርሟል፤ «ጠባብ» የሚለው ቅጽል ደግሞ በፖለቲካ ንግግር ተይዞ ሌላ ቀለም ገብቶበታል። እነዚህን ቃላት ሳይመረምር የሚያስቀምጥ ተርጓሚ በሰዋስው ረገድ ነውር የሌለበት፣ በትርጉም ረገድ ግን አንባቢውን ወደ ሌላ በሽታ የሚመራ ጽሑፍ ያወጣል። ሕመሙ በጊዜ ካልታወቀ የዓይን ብርሃን ሊያሳጣ የሚችል በመሆኑ ጉዳዩ የመዝገበ ቃላት ሠሪዎች የውስጥ ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ስያሜዎቹን በወረቀት ላይ ብቻ ከማመዛዘን ይልቅ በከፋ ዞን፣ ከቦንጋ ከተማ ብዙም በማትርቀው በማንኪራ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠን ሞክረናቸዋል። ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። የማንኪራ የቤት ቋንቋ ካፊ ኖኖ ነው፤ «ኖኖ» አፍ ማለት ሲሆን ቋንቋንም የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። አማርኛ በዚያ የሚደርሰው በትምህርት ቤት፣ በገበያና በጤና ጣቢያ በኩል ነው። ስለዚህ ግእዝ የተማረ አንባቢ ብቻ የሚፈታው ስያሜ እዚያ ሲደርስ ይወድቃል። የአማርኛውን ቃል ወደ ካፊ ኖኖ የሚመልሰው የጤና ሠራተኛም የአማርኛውን ጉድለት ይዞ ይሻገራል። አንድ ሕመምተኛ ከማንኪራ ወደ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ወደ ጅማ ወይም 450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ አዲስ አበባ ሲላክ፣ የመላኪያ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ቃል በቃል የሚነገረው በአማርኛ ነው፤ ቤተ ሰቡ የሚመክርበት ደግሞ በካፊ ኖኖ ነው። ሦስት ቋንቋ የሚያልፍ መልእክት በመካከል ያለው ድልድይ ጠንካራ ካልሆነ አይደርስም።

አስቀድሞ ነገሩን እንግለጥ። የአንድ ጎልማሳ አንጎል በደቂቃ 750 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይቀበላል፤ ይህም ልብ ከሚረጨው ደም 15 በመቶ ገደማ ነው። ደሙ በአንገት በኩል በሚወጡ አራት ዋና ዋና ደም ቅዳዎች ይገባል፤ ሥራውን ሠርቶ ሲመለስ በቀጫጭን ደም መልሶች ተሰብስቦ የአንጎል ወፍራም ሽፋን ውስጥ ወዳሉ ሰፋፊ መውረጃዎች ይፈስሳል፤ ከእነዚህም አግድም ተጉዞ፣ ከጆሮ በስተ ኋላ ታጥፎ፣ በአንገት ደም መልስ በኩል ወደ ልብ ይወርዳል። «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» በሳይንስ ቃላት ሥራችን ውስጥ ከተሳኩት ጥንዶች አንዱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። አንዱ ከ«ቀዳ»፣ ሌላው ከ«መለሰ» ተወስዶ፣ ውኃ ሲቀዳና ሲመለስ ያየ ሁሉ ያለ መምህር ይረዳቸዋል። በማንኪራም ሁለቱ ቃላት አንድ ጊዜ ከተነገሩ በኋላ ማብራሪያ አልፈለጉም።

«ሥር» ግን ሌላ ነው። በግእዝ «ሥርው» የተክልን ሥር፣ ጅማትንና በሰውነት ውስጥ የሚሄደውን ገመድ መሰል ነገር ሁሉ ይጠራ ነበር። አማርኛም ይህን ስፋት ወርሷል። ሲከራከር «የአንገቱ ሥር ተገታተረ» የሚባልለት ሰው አንገቱ ላይ የሚታየው የውጭው ደም መልስ ነው። «ሥሬን ይወጋኛል» የሚለው ግን ስለ ነርቭም ስለ ጅማትም ስለ ጡንቻም ሊናገር ይችላል። ስለዚህ «የደም ሥር» ለጠቅላላ ንግግር ይበቃል እንጂ ሕመሙ የደም ቅዳ ነው ወይስ የደም መልስ የሚለው በሚወስንበት ጽሑፍ ውስጥ አይበቃም። ከዚህም በላይ ዘላቂ ሕመምን «ሥር የሰደደ» ስለምንል፣ «ሥር የሰደደ የደም ሥር ሕመም» የሚል ሐረግ ተጽፎ አይተናል። አንባቢው ከሁለቱ ሥሮች የትኛው እንደ ሰደደ ሊጠይቅ መብት አለው።

አሁን ወደ ሰፋፊዎቹ መውረጃዎች እንምጣ። ሐኪሞች «ሳይነስ» የሚሏቸው እነዚህን ነው። ቃሉ ላቲን ሲሆን እጥፋት፣ ጉያ፣ የባሕር ሰላጤ ማለት ነው። ይኸው ቃል በሂሳብ ትምህርት «ሳይን» ሆኖ የምናገኘው ነው፤ የሕንድ ሊቃውንት የክብ አውታርን የጠሩበት ቃል በዐረብኛ ፊደል «ጅባ» ተብሎ ተጻፈ፣ በ12ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ላቲን የመለሱት ሰዎች አናባቢ የሌለውን ጽሕፈት «ጀይብ»፣ ማለትም ጉያ፣ ብለው አነበቡትና በ«ሳይነስ» ተረጎሙት። የአንድ ተርጓሚ የንባብ ስሕተት ስምንት መቶ ዓመት ያህል በዓለም ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሲነበብ መኖሩን ለሙያ ባልደረቦቼ ማስታወስ ደስ ይለኛል። በአገራችን ግን ችግሩ የቅርብ ነው። «ሳይነስ አለብኝ» የሚል ሰው አፍንጫው ይታፈናል፣ ግንባሩን ይከብደዋል፣ ብርድና አቧራ ይሸሻል። «የአንጎልሽ ሳይነስ ጠብቧል» የተባለች ሴት የምትሰማው ይህንኑ ነው። ራስ ምታት በሁለቱም ስላለ ስሕተቱን የሚያርምላት ነገር የለም፤ ወደ ቤቷ ሄዳ እንፋሎት ትታጠናለች።

በዚህ ምክንያት «ሳይነስ»ን በዚህ ቦታ መተው ይገባል። በምትኩ «ደም ቧንቧ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ «ደም ገንዳ»ም ተነሥቷል። ቧንቧ የራሱ ግድግዳ ያለው ነገር ነው። ገንዳ ደግሞ ይይዛል እንጂ አያሳልፍም። እነዚህ መውረጃዎች ግን የራሳቸው የጡንቻ ግድግዳ የላቸውም፤ ግድግዳቸው የአንጎሉ ወፍራም ሽፋን ራሱ ነው። በመሬት ላይ የተቀደደ ቦይ ግድግዳው ያው መሬቱ እንደ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «ደም መልስ ቦይ» የሚለውን መርጠናል። በማንኪራ ቃሉን ስናነብ አንድ ሽማግሌ ቦይ ሲደፈን ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ ማሳውን እንደሚያጥለቀልቅ አስረዱን፤ የሕመሙን ግማሽ እኛ ሳንነግራቸው ነገሩን። የእስክንድርያው ሐኪም ሄሮፊሎስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምዕተ ዓመት ቦዮቹ የሚገናኙበትን ስፍራ የወይን መጭመቂያ ብሎ መሰየሙም የሚታወስ ነው፤ እርሱም ከገበሬ ዕቃ ነበር የወሰደው።

ማሳው በዚህ ምሳሌ የራስ ቅል ውስጥ ነው። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ጥርት ባለ ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፈው ይኖራሉ። በአንድ ጊዜ የሚገኘው ፈሳሽ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን በየቀኑ 500 ሚሊ ሊትር ያህል ይመነጫል፤ ስለዚህ በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ይታደሳል። አሮጌው ፈሳሽ በአብዛኛው ተመልሶ የሚገባው ወደ ደም መልስ ቦዮች ነው። ቦዩ ጠብቦ የደሙ ግፊት ከፍ ካለ ፈሳሹ መውጫ ያጣል። የራስ ቅል አጥንት ስለ ሆነ አይለጠጥም፤ ስለዚህ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጨነቃል። የዓይን ነርቭ በዚሁ ፈሳሽ ስለሚከበብ ጫናው እስከ ዓይን በስተ ጀርባ ድረስ ይሄድና የነርቩ ራስ ያብጣል። ሕመምተኛው፣ አብዛኛውን ጊዜም የመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለችና ክብደቷ የጨመረ ሴት፣ ጎንበስ ስትል ዓይኗ ለጥቂት ሴኮንድ ይጨልማል፣ በጆሮዋ ውስጥ ከልብ ምቷ ጋር የሚሄድ የሹሹታ ድምፅ ትሰማለች፣ አንዳንዴ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያታል።

ሕመሙ ራሱ የስያሜ ታሪክ አለው። ሐምቡርግ ይሠራ የነበረው ማክስ ኖነ እ.ኤ.አ. በ1904 እጢ ሳይኖር የእጢ ምልክት የሚያሳይ ሕመም በማለት «ሐሰተኛ የአንጎል እጢ» የሚል ስም ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዋልተር ዳንዲ 22 ሕመምተኞችን ዘርዝሮ መለያውን አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ «ጉዳት የሌለው» የሚል ቅጽል ተጨመረበት፤ ከእጢ ጋር ሲነጻጸር አይገድልም ለማለት ነበር። ነገር ግን ሰው የሚያሳውር ሕመም ጉዳት የሌለው መባሉ ሊዘልቅ አልቻለም፤ ቅጽሉ ተጥሎ «ምክንያቱ ያልታወቀ» በሚል ተተካ። ሦስቱንም ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ጠንቀቅ ማለት አለበት። «ሐሰተኛ» የተባለ ሕመም በእኛ አነጋገር ሕመምተኛው የሚያስመስለው ሕመም ነው፤ «ጉዳት የሌለው» የተባለውን ደግሞ ማንም ሰው እስከ ጅማ ሄዶ አይታከመውም።

ከሁሉ የከበደን ግን «ግፊት» ነው። የፊዚክስ መጻሕፍታችን ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ «ግፊት»ን ይዘዋል፤ የስያሜ ወጥነት ያስፈልጋል የሚል ባልደረባ «የራስ ቅል ውስጥ ግፊት» ቢል ትክክል ነው። ነገር ግን «ግፊት አለበት» የሚለው የዕለት አነጋገር የደም ግፊት መጨመርን ብቻ የሚያመለክት ሆኗል። ከእርሱ በፊት የነበረው «ደም ብዛት» የባሰ ነበር፤ «ደም ብዛት» እና «ደም ማነስ» ተቃራኒ መስለው ስለሚሰሙ አንዱ ያለበት ሌላው አይነካውም ብሎ የሚያምን ሰው ዛሬም ይገኛል። አንዱ የግፊት፣ ሌላው የቀይ ደም ሕዋስና የብረት ነገር ሆኖ ሳለ፣ አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩት እንደሚችል ስሙ ደብቆታል። በማንኪራ «የአንጎል ግፊት» የሚለውን አንብበን በራሳቸው ቃል እንዲመልሱልን ስንጠይቅ፣ ብዙዎቹ ጨው መቀነስና የግፊት ኪኒን መዋጥ ነው መድኃኒቱ አሉን። ክንዷ ላይ ተለክቶ «ግፊትሽ ደኅና ነው» የተባለች ሴት ደግሞ ከዚህ ሕመም ነጻ የሆነች ይመስላታል። ሁለቱ የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው፤ የክንዱ ደኅና ሆኖ የራስ ቅሉ ሊጨምር ይችላል። ሐኪም የክንዱንም መለካቱ ግን ተገቢ ነው፤ እጅግ የበረታ የደም ግፊትም በበኩሉ የዓይን ነርቭን ራስ ስለሚያሳብጥ።

ታዲያ ምን እንበለው? «ጫና»ን ሞከርን። «የአንጎል ጫና» ሲባል ሰሚው ወደ ሐሳብና ወደ ጭንቀት ሄደ፤ «የአእምሮ ጫና» የሚለው አነጋገር ተለምዷልና። «የአንጎል ፈሳሽ ግፊት» ስንል ደግሞ ራሳቸው በውኃ ተወጥሮ የሚወለዱ ሕፃናት ታሰቡ፤ ያም ሌላ ሕመም ነው። በመጨረሻ ሳይሳሳት ያለፈው «የራስ ቅል ውስጥ ጫና» ነው። «ራስ ቅል» አጥንትን ስለሚጠራ ሐሳብን አያስታውስም፤ «ጫና»ም ከደም ግፊት ኪኒን ያርቃል። የፊዚክስ መምህራን ቅር ይላቸው ይሆናል፤ በእኔ ግምት ግን ወጥነት ለመጽሐፍ ጥሩ ሲሆን፣ ለሕመምተኛ የሚሰጥ ወረቀት ሌላ ሕግ አለው። ለባለሙያ ብቻ በሚጻፍ ጽሑፍ «ግፊት» ይቆይ፤ ሕመምተኛ በሚያነበው ወይም በሚነበብለት ጽሑፍ «ጫና» ይግባ።

ስለ መጥበቡ ራሱ ደግሞ ማንኪራ የተለየ ትምህርት ሰጥታናለች። የአካባቢው ሰው ቡና ከዚህ ደን መጀመሩን ይናገራል፤ የቡናን ስምም «ቡኖ» ይለዋል። የአውሮፓውያኑ «ኮፊ» ከከፋ ስም መጣ የሚለው አባባል በሰፊው ቢወደድም የዐረብኛው «ቀህዋ» በመካከል ስለ ቆመ ጉዳዩ አልተዘጋም፤ «ቡና»፣ «ቡኖ» እና የዐረብኛው «ቡን» መዛመዳቸው ግን ለጆሮ ግልጽ ነው። ጀርመናዊው ሩንገ እ.ኤ.አ. በ1819 ከቡና ለይቶ ያወጣው ካፌይን የአንጎልን ደም ቅዳዎች ያኮማትራል፤ ሁለት ሦስት ሲኒ ቡና የአንጎልን የደም ፍሰት እስከ አንድ አራተኛ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ቡና የለመደ ሰው ሲቀርበት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደም ቅዳዎቹ ይሰፋሉ፣ ራሱን ያመዋል። ይህን በማንኪራ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። አንዲት የጤና ሠራተኛ «የአንጎል ደም ሥር ሲጠብ ራስ ያማል» የሚለውን ረቂቃችንን አንብባ፣ ቡናም ያጠብባል ተብለን ተምረናል፤ ታዲያ ቡና የሚያጠብበው ሥር ለምን ራስ ምታትን ያስታግሳል፣ ይኼኛው ጥበት ደግሞ ለምን ያመጣል? ብላ ጠየቀችን። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ረቂቁ ለሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ግስ ተጠቅሟል።

ስለዚህ የሚከተለውን ልዩነት እናቀርባለን። የደም ቅዳ ግድግዳ ጡንቻ ሲጨመድድ የሚሆነውና ተመልሶ የሚለቀው «መኮማተር» ይባል። የማይለቀው፣ በቦዩ ውስጥ በተፈጠረ እጥፋት ወይም ጠባሳ የሚመጣው «ጥበት» ይባል። ቦዩ ደኅና ሆኖ ከውጭ ባበጠ አንጎል ወይም በበዛ ፈሳሽ ሲጨፈለቅ «መጨፍለቅ» እንበለው። የረጋ ደም ሲዘጋው «መደፈን» ነው፤ ይህኛው በተለይ በአራስነት ወራት የሚያሠጋና በደም ማቅጠኛ የሚታከም ስለ ሆነ ከጥበት ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም። ከአንድ ወገን ያለው አግድም ቦይ ከተፈጥሮ ቀጭን የሚሆንበት ጊዜም አለ፣ በብዙ ሰው የግራው፤ ይህ ሕመም አይደለምና «ቀጭን አፈጣጠር» ቢባል ይበቃዋል። «ጠባብነት» የሚለውን ግን ለፖለቲከኞች ትተናል።

«ጥበት» የሚለው ስም ምክንያትን ከውጤት አለመለየቱ ጉድለት ይመስል ይሆናል፤ በዚህ ሕመም ግን ጥቅም ነው። በካናዳ በቶሮንቶ ሪቻርድ ፋርብና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ከ29 ሕመምተኞች በ27ቱ ላይ የሁለቱን ወገን ቦዮች ጥበት አገኙ፤ ከሌሎች 59 ሰዎች መካከል ግን በ4ቱ ብቻ ታየ። ይህ ጥበቱ ምክንያት ነው ያሰኛል። ሆኖም ከአንዳንድ ሕመምተኞች ጀርባ ፈሳሽ ሲቀዳ ቦዩ ወዲያው እንደሚሰፋ ታይቷል፤ በእነዚህ ጥበቱ የጫናው ውጤት ነበር ማለት ነው። ምናልባትም ሁለቱ እየተመጋገቡ ይሄዳሉ። ስሙ ከዕውቀቱ ቀድሞ ፍርድ ባይሰጥ ይሻላል።

በምርመራው ክፍል ደግሞ «ምርመራ» የሚለው ቃል ራሱ ተጨናንቋል። አማርኛችን መነካካቱንም፣ መሣሪያውንም፣ የበሽታውን መታወቅም በዚህ አንድ ቃል ይጠራል። «ምርመራ ተደርጎላታል» ሲባል በሽታዋ ታወቀ ማለት ነው ወይስ ተነሣች? ለመጨረሻው «ልየታ» የሚለውን እንጠቀም። የዚህ ሕመም ልየታ የሚጀምረው በዓይን መመልከቻ የነርቩን ራስ በማየት ነው፤ ቀጥሎ በኤም.አር.አይ ወይም በሲቲ የአንጎሉና የደም መልስ ቦዮቹ ሥዕል ይነሣል፤ እጢና የረጋ ደም አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ በጎን አስተኝቶ ከወገብ በታች ባለው ስፍራ በመርፌ ፈሳሽ ተቀድቶ ጫናው ይለካል። በጎልማሳ ከ25 ሴንቲ ሜትር የውኃ ከፍታ በላይ ከሆነ ጨምሯል ይባላል። ይህን የመርፌ ዘዴ ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኩዊንከ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። በአገራችን ስሙ መከራ አብዝቶበታል፤ «መቅኒ ሊወስዱብኝ ነው» የሚል ሕመምተኛ ከአልጋ ተነሥቶ ይሄዳል። መቅኒ የአጥንት ውስጥ ነው፣ የብርታትም ምሳሌ ነው፤ የሚቀዳው ግን ሰውነት በጥቂት ሰዓት የሚተካው ፈሳሽ ነው። «የጀርባ ፈሳሽ መቅዳት» ብሎ መጻፍና «መቅኒ»ን ፈጽሞ አለመንካት ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ ለጥቂቶች ብቻ በእግር ደም መልስ በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ቦዩ ገብቶ ከጥበቱ በላይና በታች ያለው ግፊት ይለካል፤ ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙ ሐኪሞች ጥበቱን ቁም ነገር ያለው አድርገው ይወስዱታል።

ሕክምናው በአብዛኛው ቦዩን መንካት አያስፈልገውም። ክብደት መቀነስ ዋናው ነው፤ አሴታዞላማይድ የተባለው ኪኒን የፈሳሹን ምንጭ ይቀንሳል፣ ጥቅሙም በ165 ሰዎች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ተረጋግጧል። መድኃኒቱ ጣትና ከንፈር ይወርራል። አንድ የመድኃኒት ወረቀት ይህን «ያደነዝዛል» ብሎ ተርጉሞት አይቻለሁ፤ «መደንዘዝ» ግን ሽባነትን ያስታውሳል፣ «መውረር» ግን አያስፈራም። ብርሃን እየጠፋ ሲሄድ ደግሞ የዓይን ነርቭን ሽፋን በቀዶ ጥገና መክፈት፣ ፈሳሹን በቱቦ ወደ ሆድ መመለስ፣ ወይም በጠበበው ቦይ ውስጥ ስቴንት ማስቀመጥ ይታሰባል። የመጨረሻውን የካምብሪጁ ሂጊንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው የገለጹት። ስቴንት የተደረገለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ ለወራት መድኃኒት ይወስዳል።

እዚህ ላይ ተርጓሚው እንዳይስት የሚገባው ሌላ ጉዳይ አለ፤ ምክንያቱም ከዚህ ጋር በአንድ ቃላት የሚጻፍ፣ ግን ያልጸና ትምህርት ነው። በኢጣልያ የፌራራ ዩኒቨርሲቲው የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ፓኦሎ ዛምቦኒ እ.ኤ.አ. በ2009 መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ ሕመም ከአንገትና ከደረት ደም መልሶች ጥበት ይመጣል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሕመሙንም ሥር የሰደደ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ደም መልስ ጉድለት አለው፤ ጠባቡን በፊኛ መንፋቱን ደግሞ «የነጻነት ሕክምና» ብለው የጠሩት ብዙ ናቸው። ስሙ ከማስረጃው ቀድሞ ተጓዘ። ነጻ መውጣትን ማን ይጠላል? በተለይ ከካናዳ ብዙ ሕመምተኞች ገንዘባቸውን ከፍለው ሕክምናውን ፍለጋ ወደ ሌሎች አገሮች ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለ ሥልጣን የሞትና የከባድ ጉዳት አጋጣሚዎችን ጠቅሶ አስጠነቀቀ። እ.ኤ.አ. በ2013 በካናዳ የተደረገ ጥናት ከግማሽ በላይ የሆነ ጥበት በጤነኞችም በሕመምተኞችም ላይ በተቀራራቢ መጠን መኖሩን አሳየ። ዛምቦኒ ራሱ የመራው ፈተናም እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታተም ሕክምናው እንደማይጠቅም ደመደመ፤ ይህን በግልጽ ማሳተሙ ይመሰገናል።

ነገሩን ለመረዳት የአንገት ደም መልስን ባሕርይ ማወቅ ይበቃል። ሰው ሲተኛ ይሞላል፣ ሲቆም ይጣበቃል፤ ያን ጊዜ ደሙ በአከርካሪ ዙሪያ ባሉ ደም መልሶች ይወርዳል። ስለዚህ በአንገት ላይ የታየ «ጥበት» አቀማመጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። በራስ ቅል ውስጥ ያለው ቦይ ግን እንዲህ አይደለም። ለተርጓሚው የምንሰጠው ምክር ግልጽ ነው፤ «የአንገት ደም መልስ ጥበት» እና «የደም መልስ ቦይ ጥበት» የሚሉትን ሐረጎች ምንም ያህል ቢረዝሙ አያሳጥራቸው። «የአንጎል ደም ሥር ጥበት» ብሎ ሁለቱን በአንድ ጆንያ ያስገባ ሰው፣ ለአንዲት የምታይበት ዓይኗ እየከሰመ ላለች ሴት የተዘጋጀውን ሕክምና ፈተና ከወደቀው ጋር ያቀላቅለዋል። «የነጻነት ሕክምና»ንም በትእምርተ ጥቅስ እንጂ እንደ ስያሜ አናስገባውም፤ በመዝገባችን «የአንገት ደም መልስን በፊኛ ማስፋት» ተብሎ ይግባ።

እዚህም ላይ በጎ ምሳሌ አለን። «ማጅራት ገትር» የሚለውን ስም የፈጠረው ኮሚቴ አይደለም፤ ሕዝቡ ያየውን ምልክት፣ የማጅራትን መገተር፣ ቆንጥሮ ሰየመው። ስሙ ስለ በሽታው ምክንያት ምንም አይናገርም፤ ምልክቱን ግን እናት በልጇ ላይ ታውቀዋለች። ለእኛ ሕመም እንዲህ ያለ ስም ገና አልተወለደም። በማንኪራ አንዲት ሴት ጎንበስ ሲሉ የሚመጣውን ጨለማ «የዓይን ጭልም» ብላ ጠርታዋለች። ስያሜ ለማድረግ ገና ነው፤ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መጠየቂያ ቅጽ ውስጥ ግን «ጎንበስ ሲሉ ዓይንዎ ጭልም ይላል?» ተብሎ ቢገባ ይረዳል።

«ስቴንት» ሳይፈታ ቀርቷል። «የሽቦ መረብ» ያሉ አሉ፤ ሰሚው ግን የአጥር ሽቦ አሰበ። «ደጋፊ ቱቦ»ም ተሞክሯል፤ እርሱ ፈሳሹን ወደ ሆድ ከሚወስደው ቱቦ ጋር ተምታታ። ቃሉ በእንግሊዝኛም ቢሆን የተለየ ትርጉም የለውም፤ በሰፊው እንደሚታመነው የጥርስ ቅርጽ መቅረጫ ሙጫ የሠራው የ19ኛው ምዕተ ዓመት እንግሊዛዊ የጥርስ ሐኪም የቻርልስ ስቴንት ስም ነው። የሰው ስም ስለ ሆነ የሚተረጎም ነገር በውስጡ የለም፤ ለጊዜው «ስቴንት» ብለን ይዘነዋል፣ ብዙ ቁጥሩም «ስቴንቶች» ነው። የተሻለ ያለው ባልደረባ እስከሚቀጥለው የቃላት ጉባኤ ድረስ ቢያቀርብ ይታያል።